ስለ ጋውኑ ፎቶግራፍና ስለ ታናሹ ልጅ

ይድረስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ለተከበሩ ወላጆች፤

የዚህ ደብዳቤ ላኪ ከናፍቆትና ከዋሽንግተን ብርድ በስተቀር እጅግ ደኅና መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ታናሽ ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ወይስ በንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሙያ ይማር በሚለው የቤተሰብ ክርክር ላይ ሐሳቡን በአክብሮት ያቀርባል። ጉዳዩ በቡና ሰዓት በጎረቤት ድምፅ ብልጫ የሚወሰን ስላልሆነ፣ ከታሪኩ መጀመር ይገባል።

ዲግሪ አንድ ተማሪ የተወሰነ ትምህርት ማጠናቀቁን ተቋሙ የሚመሰክርበት ማዕረግ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ምሩቅ ጥቂት፣ የመንግሥት ወንበር ብዙ ስለነበረ፣ በደርግ ዘመንም ምሩቁ በምደባ፣ ማለትም መንግሥት ራሱ መርጦ ወደ መሥሪያ ቤት በሚልክበት አሠራር፣ ይቀጠር ስለነበረ፣ ዲግሪና ደመወዝ የማይለያዩ መስለው ታዩ። ምደባው ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም እምነቱ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም፤ በ2000ዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በማኅበር ተደራጅተው ኮብልስቶን፣ ማለትም ለመንገድ የሚነጠፍ ጥርብ ድንጋይ፣ ሲጠርቡ እንኳ በየሳሎኑ የተሰቀለው የምረቃ ጋውን ፎቶግራፍ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ባሕር ማዶ ደግሞ ለዚህ ፎቶግራፍ የሚራራ የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሜሪካ ያስገባው ዲቪ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ በዕጣ የሚሰጥበት ሥርዓት፣ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም ሥልጠና በሚሻ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድን ነው፤ ማስተርስ የጫነውም ያልጫነውም በእኩል ዕድል ይጠባበቃሉ። ከገቡ በኋላ ነርሷም መሐንዲሱም በሙያቸው በሙሉ መብት ለመሥራት የፈቃድ ፈተና ስለሚጠብቃቸው፣ እስከዚያው ፓርኪንጉን አካውንታንት ይጠብቃል፤ ታክሲውን የፖለቲካ ሳይንስ ምሩቅ ይነዳል፤ ተሳፋሪውም ሳይጠይቅ ስለ ዓባይ ግድብ ሙሉ ሌክቸር በነፃ ይሰማል።

በራስ መተማመንን በተመለከተም የላኪው ትዝብት ዲግሪ ደረት ያስነፋል ከሚለው የቤተሰቡ እምነት ጋር ይጋጫል። እዚህ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ኤሌክትሪሻኑ ነው፤ የሠራው ወይ ይበራል ወይ አይበራምና፣ የት እንደ ተማረ የሚጠይቀው ደንበኛ የለም። ወረቀቱ ሥራ የፈታበት ባለ ዲግሪ ግን ንግግሩን ሁሉ «አገር ቤት እኮ...» ብሎ ካልጀመረ አንደበቱ አይፈታለትም። ይህ ሲባል ዲግሪ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ሕክምናን ወይም ምሕንድስናን ለሚወድ ሰው ያለ እርሱ ለፈቃድ ፈተና መቀመጥ እንኳ አስቸጋሪ ነው። ወንበር ለሚሻ ብቻ ግን መንገዱ ጠቧል፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ያለፈውንም ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። በፖሊ ቴክኒክ ያለው ደግሞ ሲኦሲ፣ ማለትም ሙያውን በተግባር የሚያሳይበት የብቃት ምዘና፣ አለበትና ከፈተና የሚያመልጥ የለም።

ስለሆነም የተከበሩ ወላጆች ምዝገባው ሳይዘጋ ልጁ ምን መሥራት እንደሚወድ አንድ ጊዜ እንዲጠይቁት ይለመናሉ፤ በዚህ ክርክር ከአጎት እስከ ዕድር ዳኛ ሁሉም ሐሳቡን ሲሰጥ፣ እስካሁን ያልተጠየቀው እሱ ብቻ ነው።