ሽሮ፥ ቴሌግራምና ባሕረ ሐሳብ

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ መነሻው ቱሉ ዲምቱ በመሆኑ፥ አብዛኛው የከተማችን ሕዝብ ሰፈራችንን የሚያውቃት በመስኮት አይቶ ሊያልፋት ነው እንጂ ወርዶ እግሩን ሊያሳርፍባት አይደለም፤ እኛ ግን ከክፍያው በር ወዲህ፥ በቁጥራቸው ካልሆነ በመልካቸው በማይለዩ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ ደርብ በደርብ የተሰደርን ነዋሪዎች፥ መርካቶ ደርሶ መመለስ ስንቅና ጸሎት የሚጠይቅ ጉዞ መሆኑን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የተማርን ነን። ስለዚህ ባለቤቴ የባልትና ሙያዋን ወደ ንግድ ለመለወጥ ባሰበች ጊዜ፥ ሱቅ ለመከራየት ገንዘብ፥ ገበያ ለመውጣትም ጉልበት እንደሌለን ዐውቆ መፍትሔውን ያመጣልን፥ እዚሁ አጠገባችን በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ነበር፤ እርሱም በአንድ ምሽት፥ ቡናው ሦስተኛውን ሳይደርስ፥ በቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ፥ የሽሮውንና የበርበሬውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ባለቤቴን ባለ ድርጅት፥ ራሱን የገበያ ኃላፊ፥ እኔን ጡረተኛውን ደግሞ ለደንበኞች ጥያቄ መልስ ሰጪ አድርጎ ሾመን።

መልስ ሰጪነት ቀላል ሹመት መስሎ ታይቶኝ ነበር። በየፎቶግራፉ ግርጌ ዋጋው በጉልህ ይጻፍ ብዬ የጸናሁትም፥ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት የዘመኑ ነጋዴዎች ልማድ ለሐቀኛ ሰው አይገባም በማለት ነው፤ ዋጋው ከተጻፈ ወዲያ ግን ከልደታ፥ ከሰሚትም፥ ከአያትም የሚመጣው ቃል፥ ካህኑ አንድ ነገር ባለ ቁጥር ሕዝቡ እንደሚቀበለው ተሰጥዎ ሳይዛነፍ «ዋጋ?» የሚል ሆነ። እኔም ከላይ የተጻፈውን ከታች ደግሜ እጽፋለሁ፤ «የመጨረሻው?» ይሉኛል፤ የመጨረሻው ያው የመጀመሪያው መሆኑን በትሕትና አስረዳለሁ፤ «አድራሻ?» ይሉኛል፤ «ቱሉ ዲምቱ» ብዬ ስጽፍ፥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይሉና «እንዴ፥ ሩቅ ነው» ብለው ይሰናበቱኛል። ዕቃው ወደ እነርሱ ይሄዳል እንጂ እነርሱ ወደ ዕቃው እንደማይመጡ፥ የመላኪያውም ሒሳብ ተጽፎ እንደ ተቀመጠ ባስረዳም፥ ርቀቱ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ሽሮውንም የሚያቀዘቅዘው ይመስላቸዋል።

የክፍያው ነገር ሌላ ምዕራፍ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ ሳይዳሰስ መሻገሩን ለምደነዋል፤ ከዚያም ቀደም ብሎ የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተላከ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና እንደ ሰጠ የእኅቴ ልጅ አንብቦልናል። ባለቤቴ አዋጁን በአክብሮት ካዳመጠች በኋላ፥ አዋጁ መልእክቱን እንጂ የመልእክቱን ፎቶግራፍ እንዳላለ ጠቁማ፥ «ከፍያለሁ» የሚል ስክሪንሾት ቢመጣላትም የራሷ ስልክ ድምፅ አሰምቶ ገንዘቡ መግባቱን እስኪመሰክር ድረስ አንዲት ማንኪያ ሽሮ ከቤት እንዳይወጣ ሥርዓት ሠራች። ከሕግ ባለሙያዎች መካከል እንዲህ አጥርቶ የሚለይ ብዙ አላየሁም።

ምርቱስ የት ይዘጋጃል ቢሉ፥ ለሕንፃዎቹ ነዋሪዎች በጋራ የተሠራችውን፥ ለእርድም ለልብስ እጥበትም ለእንጀራ መጋገሪያም የታሰበችውን፥ ሁላችን ኮሚናል የምንላትን ቤት ጎረቤቶቻችን አልነፈጉንም። አተሩ ሲቆላ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፤ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱ፥ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ሲደለዝ ግን ከምድር ቤት እስከ አራተኛው ደርብ ያለው ሰው ሁሉ ያነጥሳል፤ የሚያስገርመውም፥ የእኅቴ ልጅ በከፈለበት ማስታወቂያ ያላገኘናቸውን የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ያመጣልን ይኸው ማነጠስ መሆኑ ነው።

ንግዱ ቀስ በቀስ ማደጉ አልቀረም፤ ሲያድግ ግን በእኔና በእኅቴ ልጅ መካከል የትምህርት ክርክር ተነሣ። እርሱ የሽያጩን ውጣ ውረድ በላፕቶፑ ላይ በቀለም እየሳለ፥ በጥር 2018 ዓ.ም. መጨረሻ የሽሮው ትእዛዝ ካለፈው ዓመት ጥር ይልቅ እጅግ መብዛቱን አሳየኝና፥ «ጋሼ፥ ይኼ ቡስት ያደረግሁት ፖስት ፍሬ ነው፤ ለመጪው ጥር ማስታወቂያውን እጥፍ፥ ሽሮውን ሦስት እጥፍ እናድርገው» አለኝ። እኔ በልጅነቴ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጬ ያገኘሁትን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ዕድሜ ስላላስረሳኝ፥ ሥዕሉን አየት አድርጌ፥ ጾመ ነነዌ በ2017 የገባችው የካቲት 3 ቀን እንደ ነበር፥ በ2018 ግን ጥር 25 ቀን መግባቷን፥ ነነዌ ከገባች በሁለተኛው ሳምንት ዓቢይ ጾም ስለሚከተል 55 ቀን የሚጾም ቤተሰብ ሁሉ ሽሮውን የሚገዛው በዚህ መካከል መሆኑን ነገርሁት። ምእመናኑን ወደ ሽሮው የጠራቸው ነቢዩ ዮናስ ሳለ፥ ምስጋናውን ቡስት ወሰደው!

ልጁ የሳይንስ ተማሪ ነውና ማስረጃ ጠየቀ። እኔም ወረቀት አስመጥቼ የ2019ን አወጣሁለት፦ 5500ን ብንደምር ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል፤ ይህን በ19 ስንገድፍ 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ብንተው ወንበሩ 13 ነው፤ ወንበሩን በ19 አብዝተን በ30 ብንገድፍ መጥቅዑ 7 ይወጣል፤ መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቀን 2019 ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለ ሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 15፤ እንግዲህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ቀን፥ ዓቢይ ጾም የካቲት 29 ቀን ይገባሉ። ከልደት እስከ ነነዌ ያለው ጊዜ ከ2018ቱ በ20 ቀን ስለሚረዝም፥ ጥር ዳር እስከ ዳር የሰርግና የዶሮ ወጥ ወር ይሆናል፤ ያን ጊዜ በሽሮ ክምር ላይ ቁጭ ብሎ በርበሬ ያለቀበት ነጋዴ በማስታወቂያ ብዛት አይድንም። ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ፥ ከየካቲት 21 አልፋ ልትገባ ስለማትችል፥ የሽሮ ገበያችን በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ ቢመላለስም ከዚህ ወሰን አይወጣም ብዬ ጨረስሁ።

የእኅቴ ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ ካየው በኋላ፥ ላፕቶፑን ከፍቶ ከ«ቡስት» ጎን «መጥቅዕ» የሚል ዓምድ አበጀ። የባሕረ ሐሳቡ ሊቅ የድሜጥሮስ ቃል በሽሮ ሽያጭ ሰንጠረዥ ራስጌ መጻፉን አባቶች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ባለቤቴ ግን ሰንጠረዡ ትክክል መሆኑን ለመመስከር ወንበርም መጥቅዕም አላስፈለጋትም፥ «እኔ ከእናቴ ጀምሮ ነነዌ ሳትገባ ሽሮ ፈጭቼ አላውቅም ወይ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይህ ቀመር በባሕር ማዶ ያሉትንም ይገዛል። በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በረዶ እየዘነበባቸውም ቢሆን በርበሬ የሚያዙት በዚሁ ጊዜ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ እነርሱ ዋጋችንን «ርካሽ» ሲሉት፥ የገላን ደንበኞቻችን ያንኑ ዋጋ «እሳት» ይሉታል፤ ከሁለቱም ጋር በአንድ ቀን መነጋገር የሚቻለው ረጋ ያለ ጡረተኛ ብቻ ስለ ሆነ ሹመቴ ጸንቶልኛል።

ይሁን እንጂ ሊቅነታችን ያስከተለውን ዋጋ አላሰላነውም ነበር። ለመጪው ጥር በርበሬ እንጂ ሽሮ እንዳይበዛ በአንድ ድምፅ የወሰንነውን ባለቤቴ ሰምታ፥ በማግሥቱ የማረቆ ዛላ በርበሬ በጆንያ አስመጥታ ከፊታችን አስቀመጠችና፥ «በሉ፥ የተሰላው ይቀንጠስ» አለችን። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ስንቀነጥስ የእኅቴ ልጅ ስልክ ጠራ፤ በበርበሬ እጁ ሊነካው ስላልቻለ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በክርኑ ሲያበራው፥ ከአሜሪካ ያለችው ደንበኛችን በርበሬው ለፋሲካ ይደርስ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። እርሱም ዓይኑን ሳያሽ ለመቅረት እየታገለ፥ «ጋሼ፥ ፋሲካ መቼ ነው?» አለኝ።

«ሚያዝያ 24 በላት» አልሁት፤ «ከመንገደኛ ጋር ከመጋቢት በፊት እንልካለን፤ ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ይግባ።»

«ስክሪንሾት ልኬያለሁ ትላለች።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና፥ «እንዴ፥ የእኔ ስልክ መቼ ጮኸ?» አለች።