የመድፉ አቤቱታ

በእንግሊዝ አገር፣ ከኬንት ጠረፍ ፊት ለፊት፣ የጉድዊን አሸዋ የሚሉት ረጅም የባሕር ውስጥ ቁልል አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1703 በኅዳር ወር ታላቅ ወጀብ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት አራት የጦር መርከቦችን እዚያ አሰጠመ፤ ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። ከአንደኛው መርከብ የወደቀ የብረት መድፍ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ያየውን መናገር ግን አልተወም። ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሟቾቹን ስም ይጠራ ነበር።

የአሸዋው ቅንጣቶች አልተቃወሙትም። እንዲያውም በየማለዳው እጅ ይነሱት ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ መድፉ ግራና ቀኙ እየጎደለ መሄዱን አወቀ። ደንግጦም ለሸርጣኑ ዳኛ አቤት አለ።

«ጌታዬ፣ እየተቀበርኩ ነው!»

«ማን አሸዋ ጫነብህ?»

«ማንም። ከላዬ አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም። የሚጎድለው ከሥሬ ነው።»

ሸርጣኑ መጀመሪያ ሞገድን አስጠራ። ሞገድም፣ «ጌታዬ፣ እሱን ብገፋው መች ይነቃነቃል? እኔ ከላይ እየተንከባለልኩ መጥቼ ጥልቀቱ ሲያንስብኝ ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። እሱ መንገዴ ላይ ስለተጋደመ በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ስሾልክ እጣደፋለሁ፣ እሽከረከራለሁም። የሚነሣ ካለ ራሱ ይነሣል» አለ።

ቀጥሎ አንዲት ቅንጣት ቀረበች።

«ከሥሩ ወጥተሻል?»

«ሞገዱ ሲያነሣኝ ሄድኩ፣ ሲመልሰኝ ተመለስኩ።»

«ወደ ነበርሽበት?»

«ወደ አጠገቡ።»

ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። ቅንጣቶቹ ሁሉ ተራ በተራ ቀርበው ይህንኑ መለሱ፤ አንዳቸውም አልዋሹም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው አለመዋሸታቸው ነው።

ምስክር ሲሰማ ቀናት አለፉ። ጉድጓዶቹ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል እየሰፉ መጡ። በመጨረሻ መድፉ የተደገፈው በወገቡ ሥር በቀረች ጠባብ የአሸዋ ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። እሷም ከሁለት ወገን ተሸርሽራ በአንድ የወጀብ ሌሊት ተናደች፤ መድፉ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። እንደገና ጫፎቹ ተቦረቦሩ፣ እንደገና ወረደ፤ ጀርባው ከወለሉ እኩል እስኪሆን ድረስ። ያን ጊዜ ውሃው የሚያደናቅፈው ስላጣ ሽክርክሪቱ ቆመ። ዳኛውም «ጥፋተኛ አልተገኘም፤ ሰላምም ሆኗል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከዚያ አሸዋው እንደ ልማዱ ሲጓዝ በላዩ አለፈና ሸፈነው።

ዘመን ተቆጠረ። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ሰዎች በጀልባ እየመጡ በቁልሉ ራስ ላይ ክሪኬት ተጫወቱ።

በ1979 አሸዋው ወደ ሌላ ወገን ሸሸና ከአራቱ መርከቦች አንዱ፣ ስተርሊንግ ካስል፣ ተገለጠ፤ ጠላቂዎችም አገኙት። አሸዋው እንጨት ከሚበላው የባሕር ትል ስለጋረደው በደህና ቆይቶ ነበር። መድፉም አብሮ ብቅ አለ። ቅንጣቶቹ ይህን ሲያዩ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ያቆየናቸው እኛ ነን!» አሉ።

«ስለ ማቆየቱ አመሰግናለሁ» አለ መድፉ። «ከሥሬ የወጣችውስ ማን ናት?»

ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዲት ደቃቅ ቅንጣት፣ «እኔ ወጥቻለሁ፤ ከወገብህ ሥር ነበርኩ» አለች።

ሌሎቹ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያም እሷን ሊከሱ ወደ ሸርጣኑ ሮጡ።