ባዶ እግር በጃንሜዳ

የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የ1975 ዓ.ም. የጥምቀት ፎቶ ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። «አይ የድሮ ልጆች! እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ሜዳ ላይ እንኳ ጫማቸውን አውልቀው!» እውነትም የፊተኛው ረድፍ ባዶ እግሩን ነው፤ ከአንድ ልጅ በስተቀር።

ፎቶ አንሺው 36 ፖዝ ያላት አንዲት ፊልም ይዞ ጃንሜዳን ሲዞር የዋለ ሰው ነው፤ ለኛ ከአንድ በላይ አያባክንም። «ረጃጅሞች ከኋላ! አጫጭሮች ከፊት ተቀመጡ!» ቢል ማን ሰምቶት። ሰልፉን የወሰነው ጫማ ነበር። በረባሶ ያደረገ፣ አውራ ጣቱ ከሸራ ጫማው ብቅ ያለበት ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከኋላ ግንባራቸው ብቻ የሚታየው አጫጭሮች እነዚህ ናቸው። ኋላው ሞልቶ ቦታ ስናጣ ከመሃላችን አንዱ ብልጥ ድምፁን አጎርንኖ፣ «ታቦት ያደረበት ስፍራ ቅዱስ ነው፤ ጫማ ይውለቅ!» አለ። ይህን ማን ይከራከራል? ጫማው ሁሉ ከሰልፉ ጀርባ ተከመረ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተባለ እንጂ ስለ ጫማ የተነገረ የለም። ነጠላማ ከእናት ይዋሳሉ፤ የኔ ጥለት ከሴት ጥለት አይለይም ነበር፣ መስቀለኛ አጣፍቼ ደበቅሁት። ጫማ ግን ቁጥር አለው።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፎቶዋ ግን ክፉኛ ትዳሰሳለች፤ ጫፏ አልቋል፣ ከጀርባዋ «ለማስታወሻ» የሚለው የእስክሪብቶ ጽሑፍ ደብዝዟል። ከበሮው ፊቱን የጋረደበትን ልጅ «እኔ ነኝ» የሚሉ ሦስት የተከበሩ አባወራዎች አሉ። አንደኛው እንዲያውም ያኔ ገና ሰፈራችን አልገባም ነበር።

ያ ጫማውን ያላወለቀው ልጅ አባቱ ለበዓሉ አዲስ ገዝተውለት ነበር። «ስፍራው ቅዱስ ነው» ብንለው፣ «ስፍራው ቅዱስ ቢሆንም ሌባ አለበት» ብሎ እግሩን ወደ ካሜራው ዘረጋ። ያቺ ጥቁር ጫማ በፎቶው ላይ ከኛ ፊት ይልቅ ጎልታ ትታያለች።

ዛሬ ቄስ ነው። ሕፃናቱን ስለ ትሕትና ሲያስተምር ይህችኑ ፎቶ አውጥቶ የኛን ባዶ እግር ያሳያቸዋል፤ የራሱን ጫማ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።