ጀማሪ ይፈለጋል፣ ልምድ ያለው

በኮልፌ ቀራንዮ ያለን የምሕንድስና ምሩቃን እሮሯችን ብዙ ነው። ከዓለም ባንክ እስከ ቤተል፣ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ ሕንፃ ይቆማል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ ኮንክሪት ይሞላል፤ እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናያለን። ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር በተባለበት ዘመን ታላላቆቻችን ገቡ፣ እኛም ተከተልን። ተምረን ስንወጣ የሚያስገባ በር ጠፋ።

ማስታወቂያው «ጀማሪ ሲቪል መሐንዲስ፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ይላል። ጀማሪ 2 ዓመት ከየት ያምጣ? «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ እንሮጣለን፤ ሰልፉ ከታክሲው ሰልፍ ይብሳል። ስማችንን ጽፈን «እንደውላለን» ተብለን እንመለሳለን። አይደውሉም።

የተግባር ልምምድ አልወጣችሁም ወይ ይሉናል። ወጥተናል። የቅየሳ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ «ውድ ነው፣ እንዳትነኩት» ተባልን። ፕሪዝሙን ይዘን ፀሐይ ላይ ዋልን፤ «ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ አድርገው» ስንባል ከረምን። መሣሪያው ጨረር ልኮ ከፕሪዝሙ ሲመለስለት ርቀት እንደሚለካ ከመጽሐፍ እናውቃለን፤ ሰርቬየሩ ምን እንዳነበበ፣ ቁጥሩን ምን እንዳደረገው ግን የነገረን የለም። የቀረን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቶታል ስቴሽን ትችላለህ?» ነው።

የዲግሪው ወረቀትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ተፈተንን፣ አለፍን። ፈተናውን አንጠላም። አልፈን ስንመጣ ቀጣሪው ያንኑ ትምህርት እንደ አዲስ መፈተኑ ነው የሚያበግነን። አንዳንዱ ደግሞ ዋናውን ዲግሪ አምጡ ይላል። ዋናው የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳ ሲከፈል ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ከደመወዝ ነው፤ ደመወዝ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራው ዋናውን አምጡ ይላል። እስከዚያው ጊዜያዊውን ኮፒ ስናስደርግ እንኖራለን። መብራት ከጠፋ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን የማመልከቻው ቀን ያልፍብናል። ቤት ስንገባ ጎረቤት እናታችንን «ልጅሽ ሥራ ያዘ?» እያለ ይጠይቃል።

እባካችሁ ቀጣሪዎች፣ ጀማሪ ብላችሁ ከጻፋችሁ ጀማሪ ቅጠሩ። ሳይት ያላችሁ በየሳይታችሁ አንድ ምሩቅ አስገቡ። ከፎርማኑ ጋር ይዋል፣ ይሳሳት፣ ይታረም። መሣሪያውንም አስይዙት።