የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ እንዲረዳልኝ የምሻው፣ እኔ ራሴ በኮምፒዩተር የምጫወት ሰው አለመሆኔን ነው፤ ዕድሜዬም፣ ዐይኔም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያደነዘዘው ጣቴም አይፈቅዱልኝምና። ይሁን እንጂ በዚሁ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ፣ የዕረፍት ሰዓቱን በኳስና በመኪና ጨዋታ የሚያሳልፍባት አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ሊያቋቁም ባሰበ ጊዜ፣ የዕቃዎቹን ስም በተራ ጽፎ፣ ከታች ድምሩን በሁለት መስመር አስምሮ፣ እንደ አቤቱታ በሁለት እጁ ይዞ ስለ ቀረበ፣ በማላውቀው ነገር ዳኛ ሆኜ ልሰየም ግድ ሆነ። ሥልጣኔ ከዕውቀት ሳይሆን ከኪሴ የመነጨ መሆኑን እኔም እርሱም እናውቃለን፤ ነገር ግን ከኪስ የመነጨ ሥልጣን በዚህ አገር ተንቆ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የግድ ነው፤ አንዱን ካወጡት ሌላው አይሠራም» አለኝ።

ዋናዎቹ ዕቃዎች ሰባት ናቸው፤ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ። ቍጥራቸው ከምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ጋር መግጠሙን እያደነቅሁ ሳለሁ፣ ልጁ ዊንዶውስ የሚባል ስምንተኛ ጨመረብኝ። ኮምፒዩተሯ ትንሽ መሆኗ ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፣ አንድም፣ የተከራያት ክፍል አልጋና ጠረጴዛ ካስገባች በኋላ ለበር መክፈቻ ያህል እንጂ ሌላ ስፍራ ያልተረፋት ናትና፤ አንድም፣ ለበዓል ወደ እናቱ ቤት ወደ አንኮበር ሲሄድ ያን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሚኒባስ ጕልበቱ ላይ አቅፎ ሊወስዳት አስቧልና። ለዚህ የተመረጠው ማዘርቦርድ ሚኒ አይቲኤክስ ይባላል፤ ቪያ የተባለ የታይዋን ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ወርዱም ቁመቱም 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። ዋጋው ግን ከትልቁ ሰሌዳ ይበልጣል፤ ኤስኤፍኤክስ የተባለው ትንሹ ፓወር ሰፕላይም እንዲሁ ከትልቁ ወንድሙ ይወደዳል። በልጅነቴ ጨርቅ በክንድ እየተለካ ሲሸጥ እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ባጠረ ቍጥር የሚወደድ ዕቃ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያች ሰዓት ከእኛ ቤት ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤታችን የመጻሕፍት መምህሩ የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ራይዘን 5 5600ጂ» የምትለውን መስመር ደግመው ካነበቡ በኋላ፣ «ይህ እንዲያው አልተጻፈም፤ ትርጓሜ አለው» አሉ። ልጁም እያስረዳ፣ እሳቸውም እያቃኑ፣ ነገሩ በሥርዓተ አንድምታ ተፈታ። ራይዘን 5 ማለት ማዕርጉ ነው፤ ከ3 በላይ፣ ከ7 በታች። በ5600 መነሻ ላይ ያለው 5 ትውልዱን ያመለክታል። ጂ ማለት ደግሞ ሥዕል የመሣል ኀይል በውስጡ አለበት ማለት ነው፤ ጂ የሌለው 5600 ግን ግራፊክስ ካርድ ካልተጨመረለት በቴሌቪዥኑ ላይ ጨለማ እንጂ ሌላ አያሳይም። በኢንቴል ወገን ነገሩ ይገለበጣል፤ በስሙ መጨረሻ ኤፍ የተጻፈበት ፕሮሰሰር ሥዕል መሣያውን የተነሣ ነው። የኔታ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ ፊደል ሲጨመር በአንዱ ቤት ይሰጣል፣ በሌላው ቤት ይነሣል» ብለው ሣቁ፤ ቤተ ክህነት በእንዲህ ያለው ነገር ጉባኤ ትጠራ እንደ ነበርም አስታወሱን። እውነትም፣ ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህች በመጨረሻይቱ ፊደል ነው።

የምርጫው ምሥጢር ግን ከፊደሉ ይልቅ በመመጣጠኑ ላይ ነው። ፈጣን በሬ ከዘገምተኛ ጋር ቢጠመድ ሞፈሩ የሚሄደው በዘገምተኛው ርምጃ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዋጋው የከበደ ፕሮሰሰር ከደካማ ግራፊክስ ካርድ ጋር ቢጣመር ጨዋታው በካርዱ ርምጃ ያዘግማል። ስለዚህም ኮምፒዩተሩ ለጨዋታ ከሆነ የገንዘቡ በኵራት ለካርዱ ይገባል፤ ልጁ ግን በኵራቱን ለፕሮሰሰሩና ለባለ መስተዋቱ ኬዝ አውሎ፣ ለካርዱ የተረፈውን ፍርፋሪ አስቀርቶለት ነበር። በዚያ ላይ «አርጂቢ ፋን» የሚል መስመር አየሁና ምንድን ነው ብለው፣ በልዩ ልዩ ኅብር የሚያበራ ማራገቢያ መሆኑን ነገረኝ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ ብርሃን ከሰማይ ታይቷል ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ካሳነጹና ከተማ ካጸኑ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ለጌጥ ብርሃን ገንዘብ ስታወጣ አልሰማሁም፤ (የመብራት ኀይልን ወርኀዊ ሒሳብ ሳልቈጥር ነው)። ይህን ወግ የሚያፈርሰው ከእኔ ቤት እንዲወጣ ስላልፈቀድሁ መስመሩን በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝሁት።

ስለ ዋጋው ብዙ ባልናገር እወድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሮ ሄዷል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ በአገራችን የሚበቅል አንድም ዕቃ የለም። ይህ ሳያንስ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የዓለሙን ሜሞሪ እየጠቀለሉ በመውሰዳቸው የራም ዋጋ ወደ ሰማይ ዐረገ፤ እንግዲህ የአንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ ጨዋታ የሚወሰነው ስሙን በማያውቅ ባለጸጋ ትርፍና ኪሳራ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደዚህ ተራራ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ መድፍና ጠመንጃ ገጸ በረከት አስይዞ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ በግመል አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር አገር ወጥቷል። ዛሬም የመርከብ ዕቃችን የሚራገፈው በዚያው በታጁራ ሰላጤ ዳር፣ በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ልዩነቱ ሐሪስ ዋጋ አለመጠየቁ ነው። በ1871 ዓ.ም. ወደ አንኮበር የመጣውን የስዊሱን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግንም፣ ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ባዘዙት ጊዜ፣ ከአውሮፓ ቢመጣ ይረክሳል፣ ጥራቱም ይበልጣል ብሎ እንደ መለሰ፣ ንጉሡ ግን እዚሁ ተሠርቶ ለማየት ስለ ፈለጉ እንደ ሠራው ይነገርለታል። ይህን ታሪክ በነገርሁት ጊዜ የእኅቴ ልጅ ከንጉሡ ጋር ተስማማ፤ እኔ ከመሐንዲሱ ጋር።

በዝርዝሩ ውስጥ የውሃ ማቀዝቀዣም ነበረ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት፣ ስሙም በብርድ ልብስ ፋብሪካው በታወቀ ከተማ ተቀምጦ ብርድ በገንዘብ መግዛት የሚጠይቀው ድፍረት ቀላል አይደለም። ለእውነት ሲባል ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳሩ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ብርዱ ከሚሰጠን ላይ ስስነቱ ድርሻውን ያነሣል። ከዚህ የከፋው የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ጣጣ ነው። በውስጡ ያለው አንባቢ ራስ ከሚዞረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው አየር ተሸክሞት ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ወደ ሰሌዳው ይቀርባል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሠሪዎች ዲስኩ እየሠራ ሊወጣበት የሚገባውን ከፍታ በ3,048 ሜትር ይወስናሉ። ደብረ ብርሃን ከዚህ ወሰን በጥቂቱ ትድናለች፤ ጣርማ በር አናት ላይ ቤት ሠርቶ የሚጫወት ሰው ግን ከሕግ ውጭ ነው። ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር ስለሌለበት ከፍታ አይፈራም፤ ያን መስመር ያለ ክርክር አሳለፍሁት።

የኤሌክትሪኩ ነገር ግን የቤት ክርክር አስነሣ። ባለቤቴ፣ ልጁ አሮጌውን ኮምፒዩተር በከፈተ ቍጥር የቤቱ መብራት የሚደክመው በእርሱ ምክንያት ነው ብላ ለብዙ ጊዜ ስታምን ኖራለች። እንጀራ ምጣዷ 3,500 ዋት ያህል እንደሚስብ፣ እኛ ያሰብናት ኮምፒዩተር ግን ከነጨዋታዋ 150 ዋትን እምብዛም እንደማታልፍ በቍጥር ባስረዳት፣ «እኔስ ከዚያ በኋላ እንጀራ አወጣለሁ፤ እርሱ ምን ያወጣል?» ብላ መለሰችልኝ፤ በዚህ ላይ የምናገረው አልነበረኝም። እውነቱ ግን ምጣዱ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒዩተር ይጠፋል፤ ጨዋታው ሳይቀመጥ የጠፋበት ልጅም ምሳ አይበላም።

ልጁ አስቀድሞ «ለሙከራ» ብሎ ከመርካቶ ያስመጣው አንድ ፓወር ሰፕላይ ነበረ፤ በካርቶኑ ላይ 600 ዋት የሚል በትልቁ ታትሞበታል። ባነሣው አለቅጥ ቀለለኝ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በማጉያ መነጽር ብመረምረው፣ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡበት የ12 ቮልቱ መስመር የሚሰጠው 14 አምፔር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ 12 በ14 ቢባዛ 168 ዋት ነው፤ ከስድስት መቶው የቀረው ካርቶኑ ላይ ይኖራል። በስተኋላው ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለበት፤ ይህች መቀየሪያ 115 ላይ ሳለች ከእኛ ባለ 220 ቮልት ሶኬት ጋር የተገናኘች እንደ ሆነ ዕቃው በጢስ ይሰናበታል። ደኅናው ፓወር ሰፕላይ ይህ መቀየሪያ የለበትም፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ምጣዱ ሲሰካና ሲነቀልም ከቮልቴጁ ጋር ራሱ ይስማማል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁና ካነበብሁ በኋላ ፍርዴን ሰጠሁ፤ ዕቃ በዕቃ ተገዝቶ የሚገጠመው ትንሽ ኮምፒዩተር ለባለጸጋ ልጅ ይሁን፤ ለእኛ የሚሆነው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ፈጸመ፣ ዊንዶውስ 11ም ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር ስለማይቀበል፣ የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ገና ጤነኛ የሆኑትን ኮምፒዩተሮች በጡረታ ያሰናብታሉ። እኔም ጡረተኛ ስለ ሆንሁ ለእነዚህ ዕቃዎች ያለኝ ርኅራኄ ልዩ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ከተባሉት ቀጫጭኖቹን፣ የሚቻል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን መርጦ፣ 8 ጊጋ ባይት የሆኑ ሁለት ራሞች አስገብቶ (አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይፈጥናሉ)፣ ቁመተ አጭሩን ጂቲኤክስ 1650 ቢጨምሩበት፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ከሚያገኘው 75 ዋት በቀር ሌላ ገመድ ስለማይጠይቅ፣ ያ ሁሉ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አዲስ የወጣውን ከባድ ጨዋታ በሙሉ ክብሩ አያሳይም፤ ኳሱንና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጂቲኤ 5ን ግን በደኅና ይጫወታል። የተረፈው ገንዘብ ስታብላይዘር ይገዛበታል።

«ጋሼ፣ የቢሮ ዕቃ እኮ ነው፤ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል።»

«ጓደኞችህ የሚሥቁት ሣጥኑን አይተው ነው፤ የምትጫወተው ግን በቴሌቪዥኑ ነው» ብዬ አሳለፍሁት። እናቱ ከአንኮበር ደውላ ገንዘቡ ለትምህርት መሆኑን ልታረጋግጥ በጠየቀችኝ ጊዜም፣ ዕቃው ብዙ ቍጥር በአንድ ጊዜ የሚያባዛ መሣሪያ መሆኑን ነገርኋት፤ ግራፊክስ ካርድ በእርግጥ ሌላ ሥራ የለውምና ሐሰት አልተናገርሁም።

አንባቢዬም ለልጅህ ወይም ለእኅትህ ልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ ልትገዛ ወደ አዲስ አበባ የወረድህ እንደ ሆነ፣ ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ያሳይህ፤ የካርዱን ቁመት ከሣጥኑ ጋር በዐይንህ ሳይሆን በማስመሪያ ለካ፤ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ በአዲስ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ቢኖር ያጋልጥልሃል። ከዚያም ከባዱ ጨዋታ ይከፈትልህ፤ ሻጩ ቢቸኩልም አንተ ወንበር ስበህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ከቈየ ያን ጊዜ ክፈል።