ጠበቃ ይዞ እራት የሄደ ነጋዴ

አሜሪካዊ ነጋዴ ለሽርክና ቤጂንግ ሲገባ፣ ሊነሣ የሚችለውን ጠብ ሁሉ ገና ሳይነሣ የሚዳኝ፣ ጠበቆች ያረቀቁት ወፍራም ውል ይዞ ነው፤ ቻይናዊው አስተናጋጁ፣ በተለይ የቀድሞው ትውልድ ሰው ከሆነ፣ ሰነዱን በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀብሎ ጎኑ ያስቀምጠውና እንግዳውን እራት ይጋብዘዋል። እንግዳው ግብዣውን የሥራ ማግስት ዕረፍት አድርጎ ሲቆጥረው፣ ለጋባዡ ግን ሥራው የተጀመረው ወንበር የተሳበ ጊዜ ነው። ሁለቱም የሚፈሩት መታለልን ሲሆን፣ አንዱ መድኃኒቱን ከወረቀቱ፣ ሌላው ከሰውየው ይፈልጋል።

ቻይናውያን «ጓንሺ» የሚሉት፣ ማለትም ውለታ በመዋልና ውለታ በመመለስ ለዓመታት የሚገመደው የትውውቅ መረብ፣ ከሚፈተንባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ማዕድ ነው። መፈተኛውም ባይጂዩ የተባለው አረቄ ሲሆን፣ ከማሽላ የሚወጣው ዝነኛው ማኦታይ የአልኮል መጠኑ 53 በመቶ ይደርሳል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ቤጂንግን ከመጎብኘታቸው በፊት፣ ቀድመው ሄደው የቀመሱት ጄኔራል አሌክሳንደር ሄግ፣ ፕሬዚዳንቱ ጽዋውን ቢያነሡም በምንም ምክንያት እንዳይጠጡት በመልእክት አስጠንቅቀዋል፤ የኑክሌር ቦምብ ከታጠቀ መንግሥት የሚጠበቅ ድፍረት አይደለም።

ጽዋው ተነሥቶ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ዋጋው እንደገና ቢነሣ፣ አሜሪካዊው ተከዳሁ ብሎ ጠበቃውን ሲጠራ፣ ቻይናዊው ደግሞ ወዳጅ በወዳጁ ላይ ጠበቃ ይጠራል ወይ ብሎ ይከፋል። ይሁንና አሜሪካዊው ጓንሺ አያውቅም ማለት ሐሜት ነው፤ እርሱም ጎልፍ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ኳስ ሲያባርር የሚውለው ለጤናው ብቻ አይደለም።

ይህ ወረቀትን ወይስ ሰውን የማመን ጉዳይ በትልቅ ገንዘብ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2003 ኢችኔት የተባለውን የቻይና የበይነ መረብ ገበያ በጠቀለለው በአሜሪካው ኩባንያ በኢቤይ ላይ ነው። ኢቤይ ከሻጮች ክፍያ የሚሰበስብ በመሆኑ፣ ገዢና ሻጭ ከጀርባው ተስማምተው ድርሻውን እንዳያስቀሩበት በመስጋት በቀጥታ እንዳይገናኙ ይከላከል ነበር፤ በዚያው ዓመት የቻይናዊው የጃክ ማ ኩባንያ አሊባባ የከፈተው ተፎካካሪ ገበያ ታኦባኦ ግን ከሻጮች ክፍያ ስለማይጠይቅ የሚሰጋበት ነገር አልነበረውምና፣ ሁለቱ እየተጻጻፉ እንዲጠያየቁ፣ እንዲከራከሩ፣ ሲመቻቸውም እንዲወዳጁ መስኮት ከፈተላቸው። መርካቶ ገብቶ «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለት የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሰማው ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በታኦባኦ የተሸነፈበት ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በቻይና ብቻውን መነገዱን ትቶ፣ ቶም ኦንላይን ከተባለ የአገሩ ኩባንያ ጋር ሽርክና ገባ።