ዓሣ ጎርጓሪ ዶሮ ያወጣል

ድባጤ ላይ ዓሣ የሚጠመደው በትል ነው። ከጓሮ እርጥብ አፈር ይቆፈራል፣ ትሉ መንጠቆ ላይ ይሰካል፣ ክሩ ይወረወራል፤ የቀረው ወሬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ስልኩ ላይ የሆነ ቪዲዮ አይቶ፣ “ሠለጠነ የተባለ ሰው ትል አይነካም” ብሎ ተነሣ።

እርግጥ ነው፣ ፊንላንዳዊው አጥማጅ ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 በጫማ ሰፊ ቢላ ቡሽ ጠርቦ፣ የቸኮሌት መጠቅለያ አልብሶ፣ ውሃ እንዳይገባው የፎቶ ፊልም አቅልጦ እየቀባ የውሸት ዓሣ ሠርቷል። ትልቁ ዓሣ ከመንጋው መካከል እየተንገዳገደች የምትዋኘዋን ለይቶ እንደሚውጥ አስተውሎ ነበርና፣ ቡሹን እንደ ቆሰለ ዓሣ እንዲንገዳገድ አድርጎ ጠረበው። ዛሬ ስሙ የዓለም ገበያ ላይ ይሸጣል። ወንድሜ ቡሽ ስላላገኘ እናታችን ለእንግዳ የምታስቀምጠውን ማንኪያ አነሣ።

ማንኪያ ለዚህ ሥራ ይሆናል። እጀታው በብረት መጋዝ ይቆረጣል፤ የጎድጓዳው ሁለት ጫፍ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ በአንዱ ክር፣ በሌላው መንጠቆ ይገባል። አሉሚኒየሙ ቀላል ስለሆነ ሩቅ አይወረወርም፤ የማይዝገው ብረት ይሻላል። ሲጎተት ጎድጓዳው ውሃ እየገፋ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያብለጨልጫል።

ወንድሜ በእህታችን የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ጣል ጣል አደረገበትና እንዲደርቅ የልብስ ገመድ ላይ ሰቀለው። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ከዓሣ ሁሉ ቀድሞ ዘሎ ያዘው! ግቢው በጩኸት ተናወጠ።

“እትዬ፣ አትጎትቺው!” አልኳት ጎረቤታችንን። መንጠቆ በገባበት አይወጣም፤ ወደ ኋላ የዞረች ጥርስ አለችው፣ ሥጋ ትይዛለች። ጫፉን ወደፊት ገፍቶ በሌላ በኩል ማውጣት፣ ጥርሷን በፒንሳ መቁረጥ፣ ከዚያ ባዶውን ሽቦ መሳብ ነው። ዶሮው ዳነ። እትዬ ግን ለሰፈሩ ሁሉ፣ “እነዚህ ልጆች ዶሮ በመንጠቆ ጀመሩ” ብላ አዳረሰችው።

በሌላ መንጠቆ ተክተን ወደ አባይ ከሚወርደው ወንዝ ሄድን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ወንዙ ከመደፍረሱ የተነሣ እጅ ቢነክሩበት ጣት አይታይም። ማንኪያው ሥር እየያዘ ይመለሳል፤ አንዳች የሚነካው የለም። አጠገባችን በትል የሚያጠምዱ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ አምባዛ በአምባዛ ላይ ይደረድራሉ። አንዱ ጓደኛችን ተስፋ ቆርጦ፣ “የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ብንበትንስ?” ቢል፣ “ጫጩቱንም እናቱንም ይፈጃል፤ ከርሞ ምን ልትበሉ ነው?” ብለው ተቆጡ። ቀጥለው ማንኪያውን አገላብጠው አዩና ሳቁ፦

“ልጄ፣ ውሃው ዓሣውን አሳውሮታል። ለዕውር መስታወት ታሳያለህ?”

ነገሩ ይኸው ነው። አምባዛ በድፍርስ ውሃ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን ጣዕም በሚለይበት ጢሙና በማሽተት ነው። ብልጭልጭ የሚያታልለው እያየ የሚያድነውን ዓሣ፣ ያውም ውሃው ሲጠራ ነው። ከእኛ በታች፣ ጉባ ላይ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተሠራው ንጋት ሐይቅ አለ፤ በተኛ ውሃ ደለል ስለሚዘቅጥ፣ ማንኪያ የሚሞክር እዚያ ቢሞክር ያምርበታል። በወንዝ ለምታጠምዱ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ በክረምት ትል፣ በጋ ላይ ብረት፤ ብርብራ በጭራሽ።